72 ሰዓት፦ በጦርነት ውስጥ ስላሉ ሴቶች ለየአገሩ መንግሥታት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለየአገሩ የውጭ ጉዳይ፣ የመከላከያ እና የገንዘብ ሚኒስትሮች

ክቡራንና ክቡራት፣

የገንዘብ ሚኒስትሩን አድራሻው ላይ ያስገባሁት በስህተት አይደለም። ስለ ሴቶችና ስለ ጦርነት ሲወራ እሳቸው ብዙ ጊዜ አይጠሩም። መጀመሪያ መጠራት የነበረባቸው ግን እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በአንድ ቁጥር ልጀምር። 72። አንዲት ሴት ተገዳ ከተደፈረች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት። በቶሎ በጀመረች ቁጥር ይሻላታል። ሰዓቱ ካለፈ መድኃኒቱ አይሠራላትም። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው ደግሞ እስከ 5 ቀን ድረስ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ብርቅ አይደሉም። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ በአንድ ላይ ታሽገው የሚላኩበት ሳጥን አለ። የእርዳታ ሠራተኞች "ኪት 3" ይሉታል። ሳጥኑ ቀድሞ ከደረሰ የሠለጠነች ነርስ ከፍታ ትሰጣለች። ካልደረሰ ነርሷም ባዶ እጇን ነው የምትቀመጠው።

የእሷ ሰዓት እንግዲህ ይሄ ነው። ሦስት ቀን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእናንተን ሰዓት ከእሷ ሰዓት ጎን አስቀምጬ ለማየት ነው። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። የእናንተ ወረቀቶች የሚጻፉት በዚያው ነው።)

እኔ ዲፕሎማት አይደለሁም። የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። የመግለጫ አንባቢ ነኝ። ሱስ ሳይሆንብኝ አልቀረም። የሆነ ቦታ ጦርነት ሲነሳ የምታወጡትን መግለጫ እየፈለግሁ አነባለሁ። አሁን አሁንማ ሳልከፍተው ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። መጀመሪያ "ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልን ነው" ይላል። ቀጥሎ "እጅግ አሳስቦናል" ይመጣል። ሬሳ ሲበዛ "በጽኑ እናወግዛለን" ይሆናል። ከዚያ "ሁሉም ወገኖች ከኃይል ድርጊት እንዲታቀቡ እንጠይቃለን" ይከተላል። እዚህች ጋ ሁሌም እቆማለሁ። ውሃ ልትቀዳ የወጣችው ሴትዮ ወገን ናት? እሷስ ከምን ትታቀብ?

ሌላም አለ። "ሴቶች ተደፈሩ"፣ "ሴቶች ተጠለፉ"፣ "ሴቶች ተፈናቀሉ" ትላላችሁ። ግሡ ሁሉ በ"ተ" ይጀምራል። ይቺ "ተ" ደግሞ አድራጊውን ከኋላዋ ደብቃ ታልፋለች። ማን ደፈረ? የትኛው ክፍለ ጦር ነው? አዛዡ ማን ነበር? ደመወዙን ማን ይከፍላል? ጥይቱንስ ማን ሸጠለት? እናንተ እጅ ላይ የሳተላይት ፎቶ አለ። የስለላ ሪፖርት አለ። ኤምባሲ አለ። መልሱን ብዙ ጊዜ ታውቁታላችሁ። ስም መጥራት ዋጋ ስለሚያስከፍል ግን "ተ"ን ታስቀድማላችሁ።

ቃል ጎደለን እንዳትሉ፣ ቃልማ ሞልቷል። በ1949 የወጣው አራተኛው የጄኔቭ ስምምነት በአንቀጽ 27 ሴቶች ከመደፈር በተለይ እንዲጠበቁ ያዛል። (ነገሩን ያሰፈረው በ"ክብር" ላይ እንደሚደርስ ጥቃት አድርጎ ነው። የተጎዳው አካሏ መሆኑን ለመጻፍ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ።) ጥቅምት 2000 ላይ ናሚቢያ በሊቀመንበርነት በነበረችበት ወር የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325ን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሴቶች ጥበቃም፣ በሰላም ድርድር ላይ ወንበርም ይገባቸዋል አለ። በ2008 ውሳኔ 1820 መጣ። መድፈር የጦር ስልት ሊሆን እንደሚችል፣ የጦር ወንጀልና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልም ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። በ2009 ጉዳዩን የሚከታተል ልዩ መልእክተኛ እንዲሾም ተወሰነ። በ2010 ደግሞ አጥፊ ቡድኖች በስም ተዘርዝረው እንዲቀርቡ ተወሰነ። እየተደማመረ እስከ 2019 ድረስ አሥር ውሳኔ ሆነ። ከ100 በላይ አገሮች ይህን ለማስፈጸም ብሔራዊ የድርጊት መርሃ ግብር አውጥተዋል። የአንዳንዶቹን አይቻቸዋለሁ። ሽፋናቸው ያምራል። የበጀት ገጽ ስፈልግ ግን ያጣሁባቸው አሉ።

ከአሥሩ አንዱን ላንሳ፣ የሚያዝያ 2019ኙን ውሳኔ 2467። ስለ ተጎጂዎች የወጣ ውሳኔ ነው። ረቂቁ ላይ ተጎጂዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እንዲያገኙ የሚል ቃል ነበረበት። አሜሪካ ቃሉ ካልወጣ ውሳኔውን በድምፅ እሽራለሁ (ቪቶ) አለች። ቃሉ ወጣ። ሩሲያና ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉና ውሳኔው በ13 ድምፅ አለፈ። ከላይ የነገርኳችሁን ሳጥን አስታውሱት። ኪት 3 የሥነ ተዋልዶ ጤና ሳጥን ነው። ተደፍራ ለመጣች ሴት ከሁሉም በፊት የሚያስፈልጋት ነገር፣ ለእሷ ሲባል ከወጣው ወረቀት ላይ ስሙ ተፋቀ። እንግዲህ ይህን ምን ልበለው?

አሁን ወደ ሰዓታችሁ እንሂድ።

ሩዋንዳ፣ ሚያዝያ 1994። እዚያ ወደ 2,500 የሚጠጉ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን አሥር የቤልጂየም ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ። ቤልጂየም ጦሯን ልታስወጣ ወሰነች። የውጭ ዜጎችን ለማውጣት ግን አውሮፕላንና ኮማንዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። በፍጥነት መንቀሳቀስ ታውቁበት ነበር ማለት ነው። ሚያዝያ 21 ቀን፣ ግድያው በተጀመረ በሁለት ሳምንቱ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ተሰብስቦ ወሰነ። የወሰነው ኃይሉ ወደ 270 እንዲቀነስ ነበር። በመቶ ቀናት ውስጥ የተደፈሩት ሴቶች ከ250,000 እስከ 500,000 ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ ያዛቸው። ከዓመታት በኋላ ታንዛኒያ፣ አሩሻ ላይ የሩዋንዳን ጉዳይ የሚያየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ችሎት ሲጀምር አንድ ሰው የማያምነው ነገር ሆነ። ታስረው የነበሩት ተከሳሾች በሕክምና ሲያዙና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያገኙ፣ ሊመሰክሩባቸው ከመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ይሄ የድሮ ታሪክ ነው፣ ተምረንበታል ትሉኝ ይሆናል። ኤል ፋሸርን ልጥቀስላችሁ።

ኤል ፋሸር የሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ናት። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ተጀመረ። በሚያዝያና በግንቦት 2024 ከአገሪቱ ጦር ጋር የሚዋጋው የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከተማዋን ከበባት። ሰኔ 13 ቀን 2024 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2736 ከበባው እንዲቆም ጠየቀ። አስራ አራት አገር ደገፈ። ሩሲያ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ስም ጠርቷል፣ ከተማ ጠርቷል፣ "ሁሉም ወገኖች" ብሎ አልሸሸም። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። በኅዳር 2024 ሲቪሎችን ስለመጠበቅ ሌላ ረቂቅ ቀረበ። እሱን ሩሲያ በድምፅ ሻረችው። ሚያዝያ 2025 ላይ ከተማዋ አጠገብ ያለው የዘምዘም የተፈናቃዮች መጠለያ ተጠቃ። ጥቅምት 26 ቀን 2025 ኤል ፋሸር ወደቀች። ከውሳኔው እስከ ውድቀቱ አስራ ስድስት ወር ነው። በእግራቸው ወደ ጠዊላ ከተማ የሸሹ ሴቶች መንገድ ላይ የደረሰባቸውን ለእርዳታ ሠራተኞች ተናገሩ። ያኔ ነው "በጽኑ እናወግዛለን" የመጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእናንተ ግን ከውሻውም ይብሳል፣ ጅቡን አስራ ስድስት ወር ሙሉ ቆማችሁ አይታችሁታል።

"ምን እናድርግ፣ ጦር እናዝምት?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሁሌ ይመጣል። ነገሩን ወይ ጦር ወይ መግለጫ አድርጎ ማቅረብ ይመቻችኋል፣ ጦር ማዝመት ስለማይቻል መግለጫው በቂ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ ነገር አለ። አብዛኛው ደግሞ ጋዜጣ ላይ የማይወጣ ዓይነት ነገር ነው።

ለምሳሌ ሽንት ቤት። ስለ ሽንት ቤት ለሚኒስትር መጻፍ ያሳፍራል አይደል? ግን እንዲህ ነው። በመጠለያ ጣቢያ ሴቶች ከሚጠቁባቸው ቦታዎች አንዱ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ጨለማ መንገድ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት ዝቅተኛ መስፈርት አለ። ሽንት ቤቱ ከመጠለያው ከ50 ሜትር እንዳይርቅ፣ አንዱ ለ20 ሰው እንዲሆን፣ የሴትና የወንድ እንዲለይ፣ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዲኖረው፣ መብራት እንዲኖር። መቀርቀሪያ! ስንት ያወጣል አንድ መቀርቀሪያ? እሱ በሌለበት ሴቶች ማታ ማታ ላለመውጣት ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ።

ወይም ማገዶ። ከ2003 በኋላ በዳርፉር ሴቶች እንጨት ለመልቀም ከመጠለያ ሲወጡ ይጠቁ ነበር። ታዲያ ለምን ወንዶቹ አይወጡም? ወንዱ ከወጣ ይገደላል። ሴቷ ከወጣች ትደፈራለች እንጂ ትመለሳለች። ቤተሰብ ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ስሌት ይሄ ነበር። ይህን ስሌት ለማፍረስ የተሞከረው በሁለት ቀላል መንገድ ነው። አንደኛው ሴቶቹ በሚወጡበት ቀንና ሰዓት ሰላም አስከባሪዎች አጅበዋቸው እንዲሄዱ ማድረግ ነው። ሌላው እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ ነው፣ አንድ ጊዜ የተለቀመው ብዙ ቀን እንዲያዘልቅ። አጀባው በተቋረጠበት ቦታ ስሌቱ ተመለሰ። ነዳጅ ሲያልቅ፣ ኮንትራት ሲያልቅ፣ አዛዥ ሲቀየር ይቋረጣል። ጥበቃ የምትሉት ነገር መሬት ላይ ሲወርድ ይህን ይመስላል። የሚለካውም "ዛሬ መኪናው መጣ ወይስ ቀረ?" በሚል ነው።

አሁን ክቡር የገንዘብ ሚኒስትር፣ እርስዎ ጋ ደረስን።

ኪት 3 የሚገዛው ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። በአንድ ቅርብ ከተማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ነርሷም ቀድማ መሠልጠን አለባት። የእናንተ በጀት ግን የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ቀውስ ይፈጠራል። ከዚያ የእርዳታ ጥሪ ይወጣል። ጉባኤ ይጠራል። ቃል ይገባል። ቃል ከተገባው ስንቱ እንደገባ ለማወቅ ሌላ ጉባኤ ይጠራል። ገንዘቡ ሲለቀቅ ወራት አልፈዋል። የጾታዊ ጥቃት መከላከያ ደግሞ ከእርዳታ ጥሪዎች ሁሉ በጣም ትንሽ ከሚሞላላቸው ውስጥ ነው። ምግብና ድንኳን ፎቶ አላቸው። መቀርቀሪያ ፎቶ የለውም።

የዓለም ወታደራዊ ወጪ በ2024 ወደ 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል። ብሪታንያ በ2014 ለንደን ላይ በጦርነት ስለሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዘጋጅታ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ሄግና የፊልም ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ ጎን ለጎን ቆመው ያየናቸው ያኔ ነው። ያቺው ብሪታንያ የእርዳታ በጀቷን በ2021 ከአገራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 አወረደችው። በ2025 ደግሞ የመከላከያ ወጪን ለመሸፈን ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታወቀች። አሜሪካ በዚያው ዓመት የተራድኦ ድርጅቷን ዘጋች። ስዊድን በ2014 "ሴቶችን ያማከለ የውጭ ፖሊሲ" አወጀች፣ በ2022 መንግሥት ሲቀየር ስሙን ጣለችው። እነዚህን የጠራሁት ከሌሎቹ የከፉ ስለሆኑ አይደለም። ከሌሎቹ የበለጠ ስለተናገሩ ነው።

መሬት ላይ ያሉት የሴቶች ማኅበራት ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚደርሱት፣ ከሁሉም በኋላ የሚከፈላቸው ናቸው። ተጎጂዋ መጀመሪያ የምታንኳኳው የእነሱን በር ነው፣ ቋንቋዋን ይችላሉ፣ ፊቷን አይተው ይገባቸዋል። እናንተ የምትሰጧቸው ግን የስድስት ወር ፕሮጀክት ነው። ቅጹን ለመሙላት አንድ ሠራተኛ ይበላባቸዋል።

ሌላ የፈረማችሁት ወረቀት ላስታውሳችሁ። በ2013 ጸድቆ በ2014 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት። ከ110 በላይ አገሮች አባል ናቸው። አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 4 የሚለው ግልጽ ነው። መሣሪያ ሻጩ መንግሥት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት መሣሪያው በሴቶች ላይ ከባድ ጥቃት ለመፈጸም ወይም ለማመቻቸት ሊውል ይችል እንደሆነ ማየት አለበት። ኬላ ላይ ቆሞ ሴቶችን ከአውቶቡስ የሚያስወርደው ሰው የያዘው ጠመንጃ የሆነ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። የሆነ ቢሮ ውስጥ "ተፈቅዷል" የሚል ማኅተም ተመቶበታል። መግለጫውን የጻፈው ቢሮና ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ አንዳንዴ አንድ ሕንጻ ውስጥ ናቸው። ፎቁ ብቻ ነው የሚለየው። በአንድ አሳንሰር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ስለ ሰላም አስከባሪዎች በአጭሩ። ጠባቂ ተብለው ከተላኩት ውስጥ ራሳቸው ያጠቁ አሉ፤ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2016 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2272፣ ጥፋቱ በስፋት የታየበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ አገሩ እንዲመለስ ዋና ጸሐፊው የወሰኑትን ደገፈ። የመክሰስ ሥልጣን ግን የላኪው አገር ነው። ወታደሩ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ሴትዮዋ በእሱ አገር ፍርድ ቤት ቀርባ ልትከስ ነው? ለዚህ መልስ ያለው አገር ካለ በደስታ አነባለሁ።

ነሐሴ 2021፣ ካቡል። ታሊባን ከተማዋን ሲይዝ ከ120,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወጣ። ግዙፍ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን ዝርዝሩን ማን ነበር ያዘጋጀው? አገሪቱ ከ200 በላይ ሴት ዳኞች ነበሯት። ወንበዴ ሲያስሩ፣ ሚስቱን የደበደበ ሲፈርዱ የኖሩ ሴቶች። እስር ቤቱ ሲከፈት የፈረዱባቸው ሰዎች ወጡ። ከእነዚህ ዳኞች ብዙዎቹን ያወጧቸው በሌሎች አገሮች ያሉ ሴት ዳኞች ናቸው፤ ስልክ ላይ ተጥደው፣ ቪዛ እየለመኑ፣ የአየር ማረፊያው የትኛው በር ክፍት እንደሆነ እየጠየቁ። ኤምባሲዎቻችሁ ያኔ ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ነበር። ማን አደጋ ላይ እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር መዘጋጀት ያለበት ከተማዋ ልትወድቅ ስትል አይደለም።

ያመለጠችውስ? የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ለጥገኝነት የሚያበቁ አምስት ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። ሴት መሆን የሚል ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጠበቆች በአምስተኛው በር እያሾለኩ ነው የሚያስገቧት። በጥቅምት 2024 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ለአፍጋን ሴቶች ዜግነታቸውና ጾታቸው ይበቃል አለ፤ እያንዳንዷ በግሏ ምን እንደሚደርስባት ማስረዳት አይጠበቅባትም ማለት ነው። ደስ የሚል ፍርድ ነው። ታሊባን ካቡል ከገባ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ስለ ፍትሕ ብዙ ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን አንድ ችሎት ብቻ ልንገራችሁ። ዣን ፖል አካየሱ የሚባል የሩዋንዳ የታባ ከንቲባ ነበር። አሩሻ ላይ በ1997 ችሎቱ ሲጀመር የክስ ወረቀቱ ላይ መድፈር የሚል ቃል አልነበረም። አቃቤ ሕጎቹ አልጻፉትም። አንዲት ምስክር ስለ ሌላ ነገር ስትናገር በልጇ ላይ የተፈጸመውን በራሷ አነሳችው። ሌላ ሴትም ቀጠለች። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ሴት ነበረች፣ ናቫኔተም ፒላይ። ምስክሮቹ ተጠየቁ፣ ክሱ ተሻሻለ። መስከረም 2 ቀን 1998 መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈረደ። ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ይህ ፍርድ የተገኘው ሴቶቹ ያልተጠየቁትን በመናገራቸው ነው። የምትሰማቸው ዳኛም ነበረች። ሌላ ችሎት ላይ "ሆድ ይፍጀው" ብለው የተመለሱ ስንት ይሆኑ?

ከዚያ ወዲህ መንገድ አለ። ፍራንክፈርት ላይ በ2021 አንድ የአይሲስ አባል አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ በሆኑት በያዚዲዎች ላይ በተፈጸመ የዘር ማጥፋት ተፈርዶበታል፤ ወንጀሉ የተፈጸመው ኢራቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ "በእኛ አገር አልተፈጸመም" ማለት ምክንያት አይሆንም፣ ሕጋችሁን ካስተካከላችሁ። ችግሩ ማስረጃው የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። አንዲቷ ሴት ለጋዜጠኛ፣ ለእርዳታ ድርጅት፣ ለመርማሪ፣ ለሌላ መርማሪ አንድ ታሪክ ደጋግማ እንድትናገር ትደረጋለች። ቁስሏን በየቀኑ እንደመክፈት ነው። በዚያ ላይ መርማሪውን ራሱ ታነሱታላችሁ። የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በታኅሣሥ 2021 ስለ ኢትዮጵያ ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ጥቅምት 2023 ላይ ሥራው አበቃ። ይራዘም ብሎ ረቂቅ ያቀረበ አንድም መንግሥት አልነበረም። ድምፅ እንኳ አልተሰጠበትም። ዝም ጭጭ።

ካሣውም በእናንተ ሰዓት ነው የሚመጣው። ኮሶቮ በ1998 እና 1999 ጦርነት ለተደፈሩ ሴቶች በወር እስከ 230 ዩሮ መክፈል የጀመረችው በ2018 ነው። ሃያ ዓመት ገደማ። ያም ሆኖ ከብዙዎቻችሁ ትሻላለች፣ ከፍላለች። ከመደፈር የተወለዱ ልጆችም አሉ። ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች እናት ዜግነቷን ለልጇ እንደ አባት እኩል ማውረስ አትችልም። አባቱ የማይታወቅ፣ ወይም ስሙ የማይጠራ ልጅ ታዲያ የማን ዜጋ ነው? ይህን ለማስተካከል ጦርም እርዳታም አያስፈልግም። ፓርላማችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰበሰብ ይበቃል።

የሰላም ጠረጴዛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ታውቁታላችሁ። ላይቤሪያ ላይ በ2003 ድርድሩ ሲጓተት የላይቤሪያ ሴቶች አክራ ድረስ ሄደው አዳራሹን ዘግተው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ካልተስማማችሁ አትወጡም አሉ። ከሳምንታት በኋላ ተፈረመ። ኮሎምቢያ ከፋርክ አማጽያን ጋር ባደረገችው ድርድር ውስጥ በ2014 የሥርዓተ ጾታ ንዑስ ኮሚቴ ስላቋቋመች የ2016ቱ ስምምነት ጾታዊ ጥቃትን ከምሕረት ውጪ አደረገ። ልዩነቱን ያየ ያያል። በየጊዜው ከሚደረጉት ድርድሮች ግን ከተደራዳሪዎቹ ሴቶቹ በ2023 ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። የደፈሩት ተደራዳሪ ይሆናሉ፣ የተደፈሩት ደግሞ በሩ ላይ ይቀመጣሉ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ያረጋገጣቸው በግጭት ውስጥ የተፈጸሙ የጾታዊ ጥቃት ጉዳዮች ከ4,600 በላይ ናቸው። ከ2023 በአንድ አራተኛ ጨምሯል። ይህ የተረጋገጠው ብቻ ነው፤ ወንዶችና ወንድ ልጆችም በውስጡ አሉ። መርማሪ ያልደረሰበት መንደር ቁጥሩ ውስጥ የለም። በዚያው ዓመት 676 ሚሊዮን ሴቶችና ልጃገረዶች ገዳይ ግጭት ካለበት ቦታ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ለዚህ ደብዳቤ የአክብሮት መልስ አያስፈልገኝም። "ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ ጉዳዩን በትኩረት እየተመለከትነው ነው" የሚለውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ሌላ ነገር ነው የምለምናችሁ። በሚቀጥለው መግለጫችሁ ላይ "ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልን ነው" ከሚለው ሥር አንዲት መስመር ጨምሩልኝ። ኪት 3 በየትኛው ከተማ መጋዘን እንዳለ፣ ስንት ሳጥን እንደሆነ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ። ከመስመሯ ጎን የተጻፈችበትን ሰዓትም አስፍሩ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የመግለጫ አንባቢ